«መልስ» በእንግሊዝኛ

ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አርባ ሦስት ቀን፣ አንድ የጎን ጥርስ፣ አንድ የመስኮት መስታወትና ሰላሳ አምስት ሳንቲም አስወጥተውኛል። ጥርሱን ቆይቼ በወርቅ ተክቼዋለሁ። መስታወቱን ያኔውኑ በአራት ብር ከሽልንግ አስገጠምኩ። አርባ ሦስቱን ቀን የሚመልስልኝ ስለሌለ ትቼዋለሁ። ሰላሳ አምስት ሳንቲሙ ግን የሰው ገንዘብ ስለሆነ ይኸው እስከ ሰሞኑ ድረስ ሲከነክነኝ ኖሯል።

ነገሩን የቀሰቀሰው የግንቦት ልደታ ነው። አስቀድሼ ስወጣ ከደጅ የደረሰኝን ንፍሮ በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ስኳር ልገዛ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለው ሱፐርማርኬት ገባሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ የልጅ ልጄን የምታክል ናት፤ ጥፍሯ ረጅም፣ ቀይ። ሁለት ብር መልስ ነበረኝ። መሳቢያዋን ከፍታ አየችና ሁለት ከረሜላ ፊቴ አስቀምጣ «ቼንጅ የለም አባባ፣ በዚህ ይያዙልኝ» አለችኝ። እንዲሁ፣ ማስቲካዋን እያላመጠች፣ ግራ ቀኝ እንኳ ሳታይ። የዛሬ ልጆች ሁሉም እንደሷ ነው የሚሉት፤ «መልስ» የቀረው ለፈተና ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ቀዩን ጥፍርና ቃሉን አንድ ላይ ሳገኛቸው ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ወረፋ የያዘች ሴት አንድ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለች ለጊዜው ይቆየን፤ መጀመሪያ ሱቄን ላሳያችሁ።

ሱቁ አሁን የለም፤ የቆመበትም ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ከልደታ ማርያም ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ስትወርዱ በግራ በኩል፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጎን የተሰነቀረች፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነች ክፍል ነበረች። ዛሬ እኔ ተቀምጬ ስኳር እመዝንበት በነበረው ቦታ ላይ የብስክሌት መስመር አልፎበታል። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ጸጉሬ አፍሮ፣ ጫማዬ ባለ ታኮ፣ ሱሪዬ ከታች መንገድ የሚጠርግ ቤል ቦተም፤ ከባንኮኒ ጀርባ የሚታየው ከወገቤ በላይ ብቻ ስለነበር የሱሪውና የጫማው ወጪ ንጹህ ኪሳራ ነው። ክብሪት አስር ሳንቲም፣ ነጠላ ሲጋራ አምስት፣ ዳቦ አስር፣ አውቶቡስ አስራ አምስት። ሳንቲሙም እንደ ሰው ስም ነበረው፤ ሃምሳው ሽልንግ፣ ሃያ አምስቱ ስሙኒ። ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመው የድሮው ስሙኒ አልፎ አልፎ እጃችን ይገባ ነበር፤ ኪስ ውስጥ ሳያወጡት በጣት ይለያል። ንጉሡ ወርደው ለውጡ ከመጣ ወዲህ ግን ዝርዝር የሚባል ነገር ከገበያ ጠፋ። ሰዉ ነገ ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ ሳንቲሙን እንኳ ጨብጦ ያዘ። መልስ ሲያጥረኝ ለልጅ ከረሜላ እሰጣለሁ፤ ለትልቅ ሰው ደግሞ ካርቶን ቁራጭ ላይ የስሙን መነሻ ፊደልና የቀረውን ሳንቲም እጽፋለሁ።

ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ላይ የፈረንጆች ማረፊያ ቤት ነበር። ከዚያ አንድ ቀይ ጢም ያለው ረጅም ሰውዬ ሲጋራ ሊገዛ መጣ። አስር ብር ሰጠኝና ፓኮውን ተቀብሎ፣ መዳፉን ዘርግቶ «ቼንጅ» አለኝ። የሲጋራ ዓይነት መሰለኝ። ያሉኝን ሦስቱንም ደረደርኩለት። «ቼንጅ» አለ እንደገና። «እሱ አልመጣልንም» አልኩት በአማርኛ። ተናዶ ሲጋራውን መልሶልኝ፣ አስር ብሩን ይዞ ሄደ። በማግስቱ ተዘጋጅቼ ጠበቅኩት። የማታ ተማሪ የሆነ ማሞ የሚባል ደንበኛ ነበረኝ፤ «መልስ» በእንግሊዝኛ ምንድነው ብዬ ስጠይቀው ሳያመነታ «አንሰር» ብሎኛል። ፈረንጁ አስር ብሩን ገና ሲያወጣ ፈጥኜ «ኖ አንሰር» አልኩት። ምንም ያልጠየቀኝ ሰው ነው። ቆሞ አየኝ። «ዋን ሽልንግ፣ ኖ አንሰር» ብዬ አብራራሁለት፤ ሽልንግ የጠራ እንግሊዝኛ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ሰውዬው እየሳቀ ሄደ፤ አስር ብሩም አብሮት።

ይህን ሁሉ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ተደግፋ ስትሰማ የነበረችው ትርሲት ናት። ጠመንጃ ያዥ ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ የምትመታ፣ ከኔ አንድ ዓመት የምታንስ ልጅ። ጥፍሯ ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ ጣቶቿ ዝም ብለው አይቀመጡም፣ ስታወራ ባንኮኒዬን ትመታዋለች። ወንድሟን ከጥቂት ወራት በፊት ከቤት ወስደውታል፤ የት እንዳለ አይታወቅም። ሰፈሩ ያውቃል፣ ማንም ግን አያነሳውም።

«ሽልንጉን ማን አስተማረህ?» አለችኝ።

«እናቴ።»

«እንግሊዝኛ ነው ብላህ?»

«ሃምሳ ሳንቲም ነው ብላኝ።»

የዚያን ቀን አምስት ሳንቲም መልስ ነበራት፤ ስላልነበረኝ ከረሜላ አቀረብኩላት። በጥፍሯ ጫፍ ወደኔ ገፋችው። «ጥርሴን ልትጨርሰው ነው? በቃል ክፈለኝ» አለች። ውሉ እንዲህ ነበር። እሷ አንድ ቃል ታስተምረኛለች። ሌላ ቀን መልስ ሲያጥረኝ ያንን ቃል ትጠይቀኛለች። ካወቅኩት አምስቷ ሳንቲም ለኔ ትቀራለች፤ ከሳትኩት ካርቶኑ ላይ «ት» ብዬ እጽፍላታለሁ። ስማር የሚከፈለኝ ከሆነ ትምህርት ጥሩ ንግድ ነው ብዬ ገባሁበት። ሳንቲሙ ሴንት፣ ትንሿ ፔኒ፣ ድቡልቡሉ ብረት ኮይን፣ ወረቀቱ ኖት፣ ስሙኒ ኳርተር። ሁሉንም በአማርኛ ፊደል በዚያው ካርቶን ላይ፣ ከዕዳው ሥር ጻፍኳቸው።

«መልስ?» አልኳት።

«ቼንጅ።»

«ለውጥስ?»

«እሱም ቼንጅ።»

«ዝርዝር?»

«ስሞል ቼንጅ።»

«ትንሽ ለውጥ ማለት ነው?»

«በለው እንጂ።»

«እነዚህ ሰዎች ሦስት ዕቃ በአንድ ዋጋ ነው የሚሸጡት» አልኳት። ትርሲት ሳቀች፣ ቀጥላ ወደ መንገዱ ዞር ብላ አየች። በዚያ ሰሞን ከሳቅን በኋላ መንገዱን እናያለን።

መጋቢት ላይ ዝርዝር ጭራሽ ጠፋ፤ ፈረንጆቹ ግን አስር አስር ብር ይዘው መምጣታቸውን አልተዉም። «ለምን አትጽፍላቸውም?» አለችና ከቦርሳዋ ጥፍር ቀለሟን አወጣች፤ ከኔው ሱቅ በሰባ አምስት ሳንቲም የገዛችው ነው። ባንኮኒውን ዞራ ገብታ፣ በመስኮቱ መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል መጻፍ ጀመረች። «ከውጪ ከጻፍኩት ልጆቹ ይልጡታል» አለችኝ። ከውጪ እንዲነበብ ፊደሉን ገልብጣ ነው የምትጽፈው፤ አንድም ጊዜ አላመነታችም። እንዴት ቻልሽው ብላት «የታይፕ ፊደል ሁሉ ግልባጭ ነው፤ ሲቆሽሽ በመርፌ ስጠርገው ነው የምውለው» አለች። ከውጪ ሲታይ በቀይ «ኖ ቼንጅ» ይላል። ፈረንጆቹም አንብበው ዝርዝራቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። እኔ ግን ከውስጥ ነው የምቀመጠው። ሁለት ወር ሙሉ ፊት ለፊቴ የነበሩት፣ ጥርሷን ወደ ግራ ያዞረች ማበጠሪያ የምትመስል ፊደል፣ ከሷ ቀጥሎ ሌሎቹ፣ ወደ መጨረሻው እንቁላሏና የዘመመችዋ ናቸው። ትርሲት ስትገለብጥ ባይም፣ ቀና ያለው ምን እንደሚመስል አንድም ቀን ወጥቼ አላጠናሁም። የእንግሊዝኛ መልክ ለኔ ያ ነበር።

የግንቦት ልደታ ዋዜማ ጠዋት፣ ትርሲት ወደ ሥራ ስትሄድ ብቅ አለች። «ለነገ ጧፍ እንዳታጣብኝ» ብላ ሳንቲም ባንኮኒው ላይ ወርውራልኝ አለፈች። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ማሞ መጣ። የማታ ትምህርቱን አልተወም፤ ግን አብዮት ጠባቂ ሆኗል፤ ከራሱ ዕድሜ የሚበልጥ ጠመንጃ ይዟል። መስታወቱ ፊት ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። አንብቦ ጨርሶ እንደገና አነበበ።

«ኖ ማለት የለም ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ቼንጅ ማለት ለውጥ ነው። ለውጥ የለም ነው የሚለው።»

«መልስ የለም ነው፣ ማሞ።»

«መልስ አንሰር ነው። ራሴ ነኝ ያስተማርኩህ።»

ለዛሬ አንባቢ ይህ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ያኔ ጠዋት ሬዲዮ ሲከፈት ለውጥ፣ ማታ ሲዘጋ ለውጥ ነው፤ የለም ብሎ በቀይ ቀለም መስኮቱ ላይ የጻፈ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል። ማሞ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ካርቶኑንም ከመደርደሪያው አነሳው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ድሮ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፈ ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ ስለ እጅ ጽሑፍ የሚነግረው አያሻም። ኪሴን አስገለበጡና ያገኙትን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። ካርቶኑን ማሞ አነበበለት።

«እዚህ ደግሞ ስሞል ቼንጅ ይላል፣ ጓድ። ትንሽ ለውጥ።»

ሊቀመንበሩ ቀና አለ። «ትንሽ ነው የምትለው?»

«ዝርዝር ማለቴ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የምን ዝርዝር? የስም?»

«የሳንቲም።»

«ት፣ ሰላሳ አምስት ይላል። ት ማነው?»

«ትምባሆ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

የጎን ጥርሴ የወጣው እዚህ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ደሙን እስክጠርግ ጠበቀኝ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «መስታወቱን አይቼ ነው የመጣሁት» አለ። «ያ የሠለጠነ እጅ ነው። በዚህ ሰፈር እንግሊዝኛ በእጁም በታይፕም የሚጽፍ ስንት ሰው አለ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ አንድ ናት። በዚያ ሰሞን መንግሥትን የሚቃወም፣ በታይፕ የተመታ ወረቀት በየበሩ ሥር ተሰክቶ ያድር ነበር፤ ታይፕ የሚመቱ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ እየተቆጠሩ ነበር። ወንድሟ የተወሰደባት ታይፒስት «ለውጥ የለም» ብላ ጻፈች ከተባለ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የለም። ከኔ የሚፈለገው አንድ ስም ነው። ስሙን ብሰጥ ከሰዓት በኋላ ሱቄን ከፍቼ እውላለሁ። ነጋዴ ነኝ፣ ሂሳቡን አልሠራሁትም ብል ውሸት ነው። ሠርቼዋለሁ።

«እኔው ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። «ጻፈው።»

እንግሊዝኛ ጽፌ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ሱቄ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጥርሷን ወደ ግራ ያዞረችውን ማበጠሪያ ሣልኩ፤ ቀጥዬ ሌሎቹን አንድ በአንድ፤ ትንሽ ዘለልኩና እንቁላሏን፣ በመጨረሻም የዘመመችዋን። ማሞ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አየ።

«ይሄ እንግሊዝኛ አይደለም፣ ጓድ። ዝም ብሎ እየጫረ ነው።»

አለቀልኝ አልኩ። ሊቀመንበሩ ግን ወረቀቱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። አገላበጠው። በጀርባው በኩል ብዙ ቆይቶ አየው።

«ከውስጥ ሆነህ ነው የጻፍከው?»

ያኔ ነው የገባኝ፤ ግልባጩን ጽፌ ኖሯል፣ ከጀርባው ቀና ሆኖ ይነበባል። «ከውስጥ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ማሞን መስታወቱን እንዲያይ ላከው። ማሞ ተመልሶ አውራ ጣቱን አሳየ፤ ጥፍሩ ሥር ቀይ ፍርፋሪ አለ። «ከውስጥ ነው። ቀለሙ የጥፍር ቀለም ነው።»

«ጥፍርህን ትቀባለህ?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«እሸጣለሁ። ሰባ አምስት ሳንቲም ነው።»

ማሞ ሊስቅ ብሎ ተወው። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጥፎ ፋይሉ ውስጥ አስገባ። ጽሑፉ የኔ መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ ታሰርኩ።

ስለ አርባ ሦስቱ ቀን ብዙ የምለው የለኝም። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው፤ ስንት ሰው ገብቶ ስንት ሰው እንደወጣ ቆጥሬያለሁ፣ አልጽፈውም። በየሦስት ቀኑ ይጠሩኛል። ት ማነው? ትምባሆ። ስንት? ሰላሳ አምስት። አንድ ቀን ሰላሳ ብል ሌላው ሁሉ እንደሚፈርስ ስለማውቅ ቁጥሩን እንደ ጸሎት ያዝኩት። ሰላሳ አምስት በአምስት ሲካፈል ሰባት ነው፤ የሳትኳቸው ሰባት ቃላት። ተጋድሜ እነሱን እደግማለሁ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። ውጪ ያለችው ልጅ እስካሁን አለች ብዬ የማስበው በነሱ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ማሞ በሩን ከፈተልኝ። ከበላይ የመጣ፣ ውጪ አገር የተማረ አንድ ሰው ፋይሉን አይቶ ሳቀ አሉ። የዳንኩት በሳቁ ነው። «ቼንጅ መልስ ማለትም ነው አሉ» አለኝ ማሞ፣ ዓይኔን ሳያይ። ይቅርታ ማለቱ መሆኑ ነው። ሱቄ ስደርስ መስታወቱ ረግፏል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። ትርሲት የለችም። ልብስ ሰፊው ስለሷ ስጠይቀው መርፌ ሊከት ክሩን እያራሰ ነበር፤ አራሰው፣ አራሰው፣ ከትቶ መስፋቱን ቀጠለ። ክረምቱ ሲወጣ እናቷም ቤቱን ለቀው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ሱቅ ቀየርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቤቴ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። ለውጥ የሚለው ቃልም ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስቴ ተመልሶ መጥቷል፤ በመጣ ቁጥር ወጥቼ መስኮቴ ላይ የተጻፈ ነገር አለመኖሩን አያለሁ።

እንግዲህ ወደ ሱፐርማርኬቱ እንመለስ። ከኋላዬ የቆመችው ሴት ለገንዘብ ተቀባይዋ እንዲህ ነበር ያለቻት፦

«ከረሜላውን አንሺው የኔ ልጅ። በቃል ክፈይው።»

ዞርኩ። ነጠላ ያጣፉ፣ መነጽር ያደረጉ አሮጊት ናቸው። ጣታቸው ባንኮኒው ላይ ይመታል። ጥፍራቸው አልተቀባም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከዛፉ ሥር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጥን። ትርሲትን አንቱ ልበላት ብዬ ነበር፤ «ኧረ ተው፣ አታስረጀኝ» አለችኝ። ንፍሮዬን አወጣሁና መሃላችን ዘረጋሁት። ለተወሰነ ጊዜ ያንን በላን።

«የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እየመጣሁ ነበር» አለች። «ማሞ ክንድህን ይዞ ሲያወጣህ ከልብስ ሰፊው ጥግ ሆኜ አየሁ።»

«ከዚያስ?»

«አውቶቡስ ተራ። ቤት እንኳ አልገባሁም። ጅማ፣ አክስቴ ጋ።»

«በዚያው ቀን?»

«በዚያው ሰዓት። ትናገራለህ ብዬ ነዋ።»

ዕቃው ከመጋዘን ከወጣ በኋላ ለዘበኛ ደሞዝ መክፈል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አርባ ሦስት ቀን የጠበቅኩት ባዶ ቤት ነበር። ምላሴ የወርቅ ጥርሴን ነካው።

«አልተናገርኩም» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እናቴ እስከ መስከረም እዚያው ቤት ነበረች። ማንም አልመጣባትም።»

 ሰላሳ አምስት ሳንቲም እንዳለብኝ ነገርኳት።

«ስልሳ ነው» አለች።

«ሰባት ቃል፣ በአምስት፣ ሰላሳ አምስት። ካርቶኑ ላይ ነበር።»

«የጧፉስ? ስሙኒ ሰጥቼህ ነበር። ጧፉን አላደረስክልኝም።»

ባንኮኒው ላይ የተወረወረው ሳንቲም ድምፅ ያን ጊዜ መጣልኝ። ስሙኒ ነበረች፤ ጠርዟ የተከረከመው፣ የድሮዋ። ኪሴ ከትቻት ነበር።

«እሷን ቀበሌው ወስዷታል» አልኩ።

«እሱ ያንተና የቀበሌው ጉዳይ ነው። በል ሰባቱን ክፈለኝ።»

«አሁን ሳንቲም ከየት ይመጣል?»

«በቃል።»

እሷ በአማርኛ ጠራች፣ እኔ መለስኩ። ሴንት። ፔኒ። ኮይን። ኖት። ኳርተር። ስሞል ቼንጅ። ሰባተኛው ላይ «መልስ?» አለችኝ፤ «ቼንጅ» አልኳት። በጣቷ ስትቆጥር ነበርና እጇን አጠፈች። አንዱንም አልሳትኩም። ተነስቼ ከበሩ ላይ ጧፍ ልግዛላት ስል ነጠላዬን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ለዛሬ አልነበረም» አለች። «ለወንድሜ ነበር፣ ለዚያን ቀን።»

ሰላሳ አምስቱ ሳንቲም ተከፍሏል። ቀሪ ዕዳ፣ አንድ ስሙኒ።